የሰው ጌም ሳታበላሹ ስለ ጌም የምታወሩበት መንገድ

ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያያቸው ሐረጎ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ቁልቁለቱን መውረድ ብቻ ነው። የሁለቱ ከተማ ጌመሮች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲገናኙ ግን ርቀቱ ሌላ ነው። አንዱ ቤቱ ፒኤስ 5 (ፕሌይስቴሽን) አለው፤ ጨዋታ በወጣ ሰሞን ይጀምራል። አንዱ ፒያሳ ካለ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈለ ነው የሚጫወተው፤ አንድ ታሪክ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። አንዷ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ናት፤ ላፕቶፗ ላይ ያስጫነችው ፈተና ሲያልቅላት ነው። ሦስቱም ስለ አንድ ጨዋታ ያወራሉ። አንዱ ጨርሷል፣ አንዱ መሃል ላይ ነው፣ አንዷ ገና የገጸ ባሕርያቱን ስም እየለየች ነው።

ስፖይለር፣ ማለትም ሰው ገና ያልደረሰበትን ታሪክ ቀድሞ መንገር፣ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለበትም። ሰው ያስደነገጠውን ነገር አይቶ ዝም ማለት ያቅተዋል፤ የኛ አገር ሰው ደግሞ ወሬ ይዞ አያድርም። ስለዚህ ዝም በሉ አልልም። እያወራችሁ የሰው ጌም የማታበላሹበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት።

መጀመሪያ ግን አንድ ሰበብ እናንሳ። "ጨዋታው ከወጣ እኮ ስንት ዓመቱ ነው!" የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ የትኛውን ቀን እንቁጠር? ግራንድ ቴፍት አውቶ 5 ለፒኤስ 3 የወጣው በ2013 ነው። ለፒኤስ 4 በ2014፣ ለኮምፒውተር በ2015፣ ለፒኤስ 5 ደግሞ በ2022 ደረሰ። ጎድ ኦፍ ዋር በ2018 ለፒኤስ 4 ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ የመጣው በ2022 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ብቻ 150 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ይህን በሞባይል ጥቅል ማን ያወርዳል? ሰው ሃርድ ዲስክ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ኮምፒውተር እስኪያገኝ ይጠብቃል። እዚህ አካባቢ "አሮጌ ጨዋታ" የሚባለውን ዛሬ ማታ የሚጀምር ሰው አለ። ስለዚህ መለኪያው ጨዋታው የወጣበት ቀን አይደለም፤ የምታወሩት ሰው የደረሰበት ቦታ ነው። የቀረው መመሪያ በሙሉ ከዚህ ይነሳል።

1. "የት ደረስክ?" ብላችሁ ጀምሩ

ስለ ታሪኩ አንድ ቃል ከመተንፈሳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። መልሱን በምዕራፍ ቁጥር ተቀበሉ። የምዕራፍ ስም አትጥሩ፤ አንዳንድ ጨዋታ የምዕራፉ ስም ራሱ ጉዱን ያወጣዋል። ቁጥር ከሌለው የመጨረሻውን የጨረሰውን ሚሽን (ጨዋታው የሚሰጠውን ተልእኮ) ይንገራችሁ።

ከዚያ ወሬያችሁ እዚያ ድረስ ብቻ ይሁን። ግሩፕ ላይ ከሆናችሁ የሚለካው ከሁሉም ወደኋላ በቀረው ሰው ነው። ከብዷችሁ ከሆነ ከሚመጥናችሁ ሰው ጋር በግል አውሩ።

ሰው ቦታውን ሲነግራችሁ የምትመልሱት ነገርም ዋጋ አለው። "ምዕራፍ 4 ነኝ" ሲላችሁ "ኧረ! ገና እዛ ነህ? ቆይ ብቻ፣ ጉድ ታያለህ!" ብትሉት ነግራችሁታል። ከዚያ በኋላ ልጁ እያንዳንዱን በር ሲከፍት ጉዱን ነው የሚጠብቀው። "ሸጋ፣ በርታ" ይበቃል።

2. ምን ምን ስፖይለር እንደሆነ ለዩ

ሞት፣ ክህደትና መጨረሻ ስፖይለር መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚሳሳተው በትንንሾቹ ነው። "ልትጨርስ ነው፣ ሁለት ሚሽን ቀርቶሃል" ማለት ስፖይለር ነው። ቦሱ (የክፍሉ ዋና ጠላት) ወድቆ እንደገና እንደሚነሳ መናገር ስፖይለር ነው። ኋላ የሚገኝ መሣሪያ ፎቶ ስፖይለር ነው። የዋንጫዎች (ጨዋታው ላይ አንድ ነገር ስታሳኩ የሚሰጣችሁ ሽልማት) ዝርዝር ስክሪንሾትም እንዲሁ፤ ኮንሶሉ አንዳንዶቹን የሚደብቃቸው በምክንያት ነው። "ያልጠበቅከው ነገር አለ" ማለትም ያው ነው፤ ያልጠበቀውን እንዲጠብቅ አደረጋችሁት።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር መሸፈንም ግሩፕ ይገድላል። የኳስ ጌም ላይ ምን ይሸፈናል? ፐብጂ ላይ ምን ታሪክ አለ? የመቆጣጠሪያ ቁልፎች፣ የግራፊክስ ጉዳይ፣ "ስልኬ ላይ ይሠራል ወይ"፣ ዋጋ፣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት፣ በይፋ ማስታወቂያው ላይ የታየ ነገር፣ እነዚህን በነፃነት አውሩ። የእንቆቅልሽ ጨዋታ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ታሪኩን ብትናገሩ ግድ የለም፤ መፍትሔውን ከተናገራችሁ ግን የቀረ ጨዋታ የለም።

3. አማርኛችሁን ጠብቁ

ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ግሳችን ወንድና ሴት ይለያል፤ ሳታስቡት ምስጢር ያወጣባችኋል። "ማን እንደሆነ አልነግርህም፣ ግን የከዳችውን ስታይ ትደነግጣለህ" ያለ ሰው ምን አስቀረ? ጨዋታው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁለት ከሆኑ፣ የቀረው ግምት ብቻ ነው።

ከሱ የሚብሰው "ነበር" ነው። "እሱ እኮ አሪፍ ሰው ነበር!" ይላል አንዱ፣ በቅን ልቦና። ነበር? ምን ሆኖ? የገጸ ባሕርዩን ፎቶ ለጥፎ "ነፍስ ይማር" የሚል ቀልደኛም አለ። እሱ ቀልድ አይደለም።

መውጫው ቀላል ነው። ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ቦታው አውሩ። "የከዳው" ወይም "የከዳችው" ከማለት "ምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ያለው ትዕይንት" በሉ። በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚያስብል ገጸ ባሕርይ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ በአሁን ጊዜ አውሩ፤ "አሪፍ ሰው ነው"። የደረሰበት ሰው ይገባዋል፣ ያልደረሰበት አይነቃም።

4. ምልክቱን ከላይ፣ ታሪኩን ከታች

መልእክታችሁ የጨዋታው ስምና የምዕራፍ ቁጥር ይዞ ይጀምር። "ሬድ ዴድ 2፣ እስከ ምዕራፍ 3፣ ስፖይለር አለው" ብሎ መጀመር በቂ ነው። "ስፖይለር!" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው የየትኛው ጨዋታ እንደሆነ ለማወቅ መክፈቱ አይቀርም። ከፍቶ ነው የሚያውቀው፤ ያኔ ምን ዋጋ አለው።

ከዚያ ታሪኩን ሸፍኑት። ቴሌግራም መሸፈኛውን ያመጣው በ2021 መጨረሻ ላይ ነው። አሠራሩ ይኸው፦

ጽሑፉን ጻፉ፤ ገና አትላኩት። የሚሸፈነውን ክፍል ተጭናችሁ ምረጡ። ከሚመጡት ምርጫዎች ውስጥ ስፖይለር የሚለውን ንኩ፤ ወዲያው ካልታያችሁ ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ፈልጉት። ሌላው መንገድ ከጽሑፉ ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ማድረግ ነው፦ ||እንዲህ||። ዲስኮርድም በዚሁ ምልክት ይሠራል። ስትልኩት ጽሑፉ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ይሄዳል፤ የፈለገ ነክቶ ይገልጠዋል። ቻት ዝርዝሩ ላይም ኖቲፊኬሽን ላይም ተሸፍኖ ነው የሚታየው።

ለፎቶና ለቪዲዮ ይህ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ፎቶውን መርጣችሁ ከመላካችሁ በፊት ሦስቱን ነጥቦች ንኩና በስፖይለር የሚሸፍነውን ምርጫ ውሰዱ። ከፎቶው ሥር የምትጽፉትን ጽሑፍ ግን ለብቻው መሸፈን አለባችሁ። ፎቶው ተሸፍኖ ከሥሩ "አለቀሰ ሰውዬው" የሚል ጽሑፍ በግልጽ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋትሳፕ ላይ እንዲህ ያለ መሸፈኛ ካላገኛችሁ በዘዴ ነው። ማስጠንቀቂያውን አስቀድሙ፣ ከዚያ ነጥብ ብቻ ያለባቸው ብዙ መስመሮች ጨምሩ፣ ታሪኩን ከሥር አድርጉ። ረጅም መልእክት ስለሚታጠፍ "ተጨማሪ አንብብ" የሚለውን ያልነካ ሰው አያየውም። ከቴሌግራም የተሸፈነ ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ስትወስዱት ደግሞ ሽፋኑ አብሮ አይሄድም፤ ራቁቱን ነው የሚወጣው።

5. ቮይስ ከላካችሁ

እኛ ደግሞ ቮይስ እንወዳለን። ቮይስ ግን አይሸፈንም። በዚያ ላይ ቴሌግራም አንዱ ቮይስ ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ ያጫውታል፤ የጓደኛውን ሰላምታ ሲሰማ የነበረ ሰው ሳያስበው የናንተን ስፖይለር ይሰማል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቁ። በጽሑፍ አንድ ጊዜ፣ ቮይሱ ሲጀምር ደግሞ "ጎድ ኦፍ ዋርን ያልጨረሰ እዚህ ጋ ያቁም" በሉና ትንሽ ዝም ብላችሁ ቀጥሉ። የታሪኩን ጉዳይ ከሌላ ወሬ ጋር አትቀላቅሉት። ስለ ነገ ቀጠሮ ለማወቅ ብሎ ቮይስ የከፈተ ሰው የጨዋታ መጨረሻ ሰምቶ መውጣት የለበትም።

6. የተጣበቀ ሰው ስትረዱ

"እዚህ ጋ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ" የሚል መልእክት ሲመጣ ሁሉም አዋቂ ይሆናል። ብዙ ስፖይለር የሚወጣው ከዚህ ደግነት ነው። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት "ፍንጭ ነው ወይስ መልሱን ነው የምትፈልገው?" በሉት። ፍንጭ ካለ በትንሽ በትንሹ ስጡት።

አንድ ክፍል ውስጥ መውጫ አጣሁ አለ እንበል። መጀመሪያ ያለበትን አረጋግጡለት፦ "ክፍሉን ጥለህ አትሂድ፣ የምትፈልገው እዛው ነው።" ብዙ ሰው የሚቸገረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ሆኖ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያለ ስለሚመስለው ነው። ይህ ካልበቃው ዓይኑን ምሩት፦ "ወደ ላይ አይተሃል?" እሱም ካልበቃ መልሱን ሙሉ በሙሉ ጻፉና ሸፍኑት። ሲመርረው ራሱ ይገልጠዋል።

ቦስ ያስቸገረው ከሆነ የውጊያውን ሕግ ንገሩት እንጂ ቦሱ ማን እንደሆነና ከሱ በኋላ ምን እንደሚመጣ አትንገሩት። ለምሳሌ የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ላይ ቀይ ክብ የሚታይበት ምት በጋሻ አይመከትም፤ መሸሽ ነው። ቢጫ ክብ የታየበትን ግን ሰዓቱን ጠብቆ በጋሻ መመለስ ይቻላል። ይህ ማንኛውም ጠላት ላይ ይሠራል፤ ታሪክ አይነካም፤ ልጁንም በእውነት ይጠቅመዋል። "እሱን ተወው፣ ቀላል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነው የሚያስለቅስህ" ግን እርዳታ አይደለም።

የዩቲዩብ ሊንክ የምትልኩ ከሆነ ቪዲዮው ከሚያስፈልገው ደቂቃ ላይ እንዲጀምር አድርጋችሁ ላኩት። ሊንኩን ስትለጥፉ ከላይ የሚመጣውን ቅድመ እይታ ደግሞ ኤክሷን ነክታችሁ አጥፉት። የቪዲዮው ርዕስና ሥዕሉ እኮ ነው አብዛኛውን ጊዜ አሳባቂው።

7. ጌም ቤት ውስጥ

የግሩፑ ወሬ ግማሹ የሚጀመረው ከጌም ቤት ነው፤ ስለዚህ እዚያም ሕግ ያስፈልገዋል። ጆይስቲኩ በማን እጅ እንዳለ እዩ። ከኋላ ቆሞ "በግራ! በግራ! እሱን እመን፣ እሱን አትመን" የሚል ሰው አለ። የሰዓቱን ሒሳብ የሚከፍለው ተጫዋቹ ነው፤ መሳሳትም የሱ መብት ነው። ካልጠየቃችሁ ዝም በሉ።

ታሪክ ያለው ጨዋታ የምትጫወቱ ከሆነ ቤቱ ጭር በሚልበት ሰዓት ሂዱ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊቱን ወዴት ያዙር? መጨረሻው ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ "ያልጨረሰ ካለ እዚህ ጋ ጉድ ሊወጣ ነው" በሉ። የፈለገ ውጭ ወጥቶ ይጠብቃል። ሴቭ (የደረሳችሁበት የተቀመጠበትን ፋይል) ስትከፍቱ የራሳችሁን ብቻ ክፈቱ፤ የሌላው ሴቭ ምዕራፉንና ሥዕሉን ያሳያል። በሰው ሴቭ ላይ ደርቦ ሴቭ ስለሚያደርግ ሰው እዚህ አላወራም፤ እሱ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

አደገኛው ሰዓት ግን መብራት የሄደበት ነው። ልጁ ትዕይንቱ መሃል ላይ እያለ ድርግም ይላል። ጨለማው ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ አዝነውለት "አይዞህ፣ ምን መሰለህ የሚሆነው..." ብለው ይጀምራሉ። አብሽር በሉትና ተዉት። መብራት ሲመጣ ራሱ ያየዋል።

8. ራሳችሁን ለመጠበቅ

ሰው ሁሉ ይህን መመሪያ አያነብም። ስለዚህ አዲስ ጨዋታ ስትጀምሩ አስቀድማችሁ በሩን ዝጉ። ቲክቶክ ቅንብሩ ውስጥ፣ የይዘት ምርጫዎች ሥር፣ ቃላት የሚጣሩበት ቦታ አለው። የጨዋታውን ስምና የዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት ስም አስገቡ፤ በእንግሊዝኛ ፊደልም በአማርኛም። ኤክስም (የድሮው ትዊተር) ቃላት ማፈኛ አለው። ቴሌግራም ላይ ግሩፑን ድምፁን አጥፉ፤ የመልእክት ቅድመ እይታውንም ከኖቲፊኬሽን ላይ አንሱት።

ከሁሉ በላይ የገጸ ባሕርይ ስም ፍለጋ ላይ አትጻፉ። ጉግልም ዩቲዩብም ስሙን ሳትጨርሱ የቀረውን ይሞሉላችኋል፤ የሚሞሉት ደግሞ ሰው በብዛት የፈለገውን ነው። የአድናቂዎች ዊኪ ገጽ ከሆነማ ስሙ ሥር በሕይወት መኖሩንና መሞቱን በሰንጠረዥ አስቀምጦ ይጠብቃችኋል። ከተጣበቃችሁ የሚሽኑን ስም ፈልጉ እንጂ የሰው ስም አትፈልጉ።

ፒኤስ 5 ያላችሁ ቅንብሩ ውስጥ የስፖይለር ማስጠንቀቂያ አለ፤ አብሩት። ያልደረሳችሁበትን ነገር ከማሳየቱ በፊት ያስጠነቅቃችኋል።

ጨዋታው ገና አልወጣም ብላችሁም አትዘናጉ። የዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ቪዲዮዎች ሾልከው የወጡት በ2020 ሚያዝያ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጨዋታው ገበያ ላይ የዋለው ደግሞ ሰኔ 19። በመሃል ባሉት ሳምንታት ታሪኩ ማንም ሳይጫወተው በየኮሜንቱ ሥር ተዘራ። ምን እንደነበረ? ያልተጫወታችሁ ስላላችሁ እዚህ አልጽፈውም።

9. ካመለጠ በኋላ

የጻፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ቶሎ አጥፉት፤ ወይም ኤዲት አድርጋችሁ ሸፍኑት። ቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ኤዲት ያስደርጋል፤ ዋናው ግን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። "አፉ በሉኝ" በሉና እለፉ። ረጅም ማብራሪያ አትስጡ፤ ማብራሪያው ያላየውን ሰው ሁሉ ይጠራዋል።

ሌላ ሰው ከጻፈው ደግሞ አትጩኹ። ይህ ከባዱ ነው። አንዱ "መጨረሻ ላይ እኮ እንትና..." ሲል ሌላው "ኧረ በአላህ! እንዴት ትናገራለህ!" ካለ፣ እውነት መሆኑን አረጋገጠለት። እስከዚያ ድረስ ተራ ግምት ሊመስል ይችል ነበር። መልእክቱን እየጠቀሳችሁ መልስ አትስጡ፣ የማልቀስ ምልክትም አታድርጉበት። ለአድሚኑ በግል ንገሩትና ወሬውን ወደ ሌላ ውሰዱት።

10. አድሚን ከሆናችሁ

የቴሌግራም ግሩፕ ቶፒክ፣ ማለትም በግሩፑ ውስጥ በርዕስ የተለየ የወሬ ክፍል፣ መክፈት ይችላል። ለእያንዳንዱ ትልቅ ጨዋታ አንድ ቶፒክ፣ በተጨማሪም "የጨረሱ ብቻ" የሚል አንድ ክፈቱ። ሰው ያልፈለገውን ቶፒክ ለብቻው ድምፁን ያጠፋዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቶፒኮች ዝርዝር የመጨረሻውን መልእክት ከላይ ያሳያል። ስለዚህ "የጨረሱ ብቻ" ውስጥም ቢሆን ትልልቁን ነገር መሸፈን ነው።

ሕጉን አጭር አድርጋችሁ ፒን አድርጉት። ይህን ብትወስዱት ደስ ይለኛል፦

"ታሪክ ስትጽፉ የጨዋታውን ስምና የምዕራፉን ቁጥር ከላይ አድርጉ፣ የቀረውን ሸፍኑ። ቮይስ ከሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተናገሩ። 'ቆይቷል እኮ' ምክንያት አይሆንም። ሳያውቅ የጻፈ ይነገረዋል። አውቆ የጻፈ ለአንድ ሳምንት አይጽፍም።"

ሳምንቱን በእውነት አስፈጽሙት። የአድሚኑ ጓደኛ ሲሆን የሚዘለል ሕግ ከሆነ ባይለጠፍ ይሻላል።

11. ንገሩኝ ብሎ ለሚጠይቅ

ስፖይለር የሚወድ ሰውም አለ፤ አትሳቁበት። በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የተሠራ አንድ ጥናት፣ አጫጭር ልብ ወለዶችን መጨረሻቸውን ቀድመው አውቀው ያነበቡ ሰዎች የበለጠ እንደወደዷቸው አሳይቷል። አጭር ልብ ወለድ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ አርባና ሃምሳ ሰዓት ከሚጠይቅ ጨዋታ ጋር እኩል አላየውም። ሆኖም ምርጫው የሰውየው ነው። እንስሳ ሲሞት ማየት የማይችል አለ፣ ሐዘን ላይ ስለሆነ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ አለ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ በግል ላኩለት። የጠየቀውን ብቻ መልሱ፤ ስለ ውሻው ከጠየቀ ስለ ውሻው ብቻ። ከዚያ ደግሞ አስታውሱት፦ ከአሁን በኋላ እሱም እንደጨረሰ ሰው ነው፣ ግሩፑ ላይ ሲጽፍ መሸፈን አለበት።